ለስፕሬይ ጣሳ የሚታጠፍ ረጅም ቱቦ እንዴት እንደሚሠራ

የመኪናዬ የግራ የኋላ በር ከውስጥም ከውጭም አልከፈት ያለው በክረምት ነው። እጀታው ይሳባል፣ ድምፅም ያሰማል፤ በሩ ግን ንቅንቅ አይልም። በመቆለፊያው ውስጥ ያለው ምላስ ዝጎ ደርቋል። የወሰድሁበት ጋራዥ ላሜራውን ቆርጠን እንክፈተው አለኝ። ዝገት የሚያላቅቀው ስፕሬይ በእጄ ነበር። ችግሩ ከጣሳው ጋር የሚሰጠው ቀጭን ቀይ ቱቦ ከአንድ ስንዝር የማይበልጥና እንደ ስንደዶ ቀጥ ያለ መሆኑ ነው። መቆለፊያው ያለው ደግሞ ከመስኮቱ ጠርዝ ወደ ታች ወርዶ፣ ከዚያም ወደ ኋላ ዞሮ ነው።

ያን ቀን ከኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ የሠራሁት ግማሽ ሜትር የማይሞላ ቱቦ በሩን ሳይቆረጥ አስከፈተልኝ። መስታወቱን ዝቅ አደረግሁ፤ ቱቦውን በመስታወቱና በጎማው መካከል ወደ ውስጥ አስገባሁ፤ ጫፉ ብረት ሲነካ ሁለት ጊዜ ረጨሁ። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ እጀታውን ስስበው በሩ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ይህን ቱቦ ለብዙ ሰው ሠርቼ ሰጥቻለሁ። አሠራሩን በዝርዝር የምጽፈው፣ በአንድ ጠብታ ዘይት ሊፈታ ለሚችል ነገር ሰው በር ሲያስቆርጥና ማሽን ሲያስፈታ ማየት ስለሚያሳዝነኝ ነው።

ዕቃው

ዋናው ዕቃ ባለ 2.5 የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ ለቤት ሶኬት የሚዘረጋው፣ ውስጡ አንድ ድፍን መዳብ የሆነው። ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ለስላሳው ሽቦ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አንድ ሜትር ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ያስቆርጡ። ከእሱ ጋር ግማሽ ሜትር ባለ 1.5 ሽቦ፣ ናስትሮ፣ ጠንካራ ክር፣ ሁለት ፒንሳ (ሞርሳ ካለ ይበልጥ ጥሩ ነው)፣ ምላጭ፣ መርፌ፣ ሻማና አንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ያዘጋጁ። ካለቁ ጣሳዎች የተረፉ ሁለት ቀያይ ቱቦዎችም ያስፈልጋሉ።

ባለ 2.5 ሽቦን የመረጥሁት በልኩ ምክንያት ነው። 2.5 ማለት የመዳቡ የመቁረጫ ገጽ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው ማለት ሲሆን፣ ውፍረቱ 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። መዳቡ ሲወጣ የሚቀረው የላስቲክ ልባስ ያንኑ ያህል ቀዳዳ ይኖረዋል። ቀዩ ቱቦ በውጭ በኩል ሲለካ በአብዛኛው 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ልባሱ ሲሞቅ ትንሽ ይለጠጥና ቱቦውን ያስገባል፤ ሲበርድ አጥብቆ ይይዘዋል። የሥራው ምስጢር ይህ መጋጠሚያ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የግሉኮስ ቱቦን ነው፤ ነገር ግን ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ቀዩ ቱቦ ውስጡ ይዋልላል፤ መጫኛው ሲጫን ፈሳሹ ወደ እጅ ይመለሳል።

መዳቡን ማውጣት

ከሽቦው 60 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡ። ከሁለቱም ጫፎች አምስት አምስት ሳንቲ ሜትር ልባስ በምላጭ ዙሪያውን ቆርጠው ያስወግዱ፤ መሀል ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ልባስ ይቀራል። አሁን አንዱን የመዳብ ጫፍ በሞርሳ ያጥብቁ፤ ሌላውን በፒንሳ ጠምዝዘው ይያዙና ሰውነትዎን ወደ ኋላ ጥለው ቀጥ አድርገው ይሳቡ። መጀመሪያ ምንም የሚሆን አይመስልም። ከዚያ ድንገት መዳቡ እንደ ሊጥ ለስለስ ብሎ ሲሳብ በእጅዎ ይሰማዎታል። መዳብ ሲለጠጥ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ደግሞ ከልባሱ ይላቀቃል። ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ከረዘመ በቂ ነው። ፒንሳው ካመለጠ ወደ ኋላ ሊጥልዎ ስለሚችል አንድ እግርዎን ወደ ኋላ አድርገው ይቁሙ።

ከዚህ በኋላ ሽቦውን በሁለት እጅ እያንከባለሉ ያሹትና ልባሱን በጨርቅ ይዘው ይግፉት። መጀመሪያ ይሸበሸባል፤ ከዚያ ሳንቲ በሳንቲ እየተንሸራተተ ይወጣል። አልወጣም ካለ ለአንድ ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው እንደገና ይሞክሩ። እንዲያም ሆኖ እምቢ ካለ ሽቦውን 25፣ 25 ሳንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡ፤ ሁለቱን ልባሶች ኋላ በቀይ ቱቦ ቁራጭ መቀጠል ይቻላል። ባዶውን ልባስ በአፍዎ ነፍተው አየሩ በሌላው ጫፍ መውጣቱን ያረጋግጡ።

መጋጠሚያው

ከቀይ ቱቦው ስድስት ሳንቲ ሜትር ይቁረጡ። የልባሱን አንድ ጫፍ በፈላ ውሃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ያቆዩና ወዲያው ቀዩን ቱቦ እያሽከረከሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ያስገቡ። እሳት አይጠቀሙ፤ ልባሱ ይጨማደድና ቀዳዳው ይጠባል፤ ከተቃጠለም የሚወጣው ጭስ ለሳንባ መጥፎ ነው። ሲበርድ በክር ከላይ አጥብቀው ይሰሩት፤ በክሩ ላይ ናስትሮ ይጠቅልሉ። በፈጣን ሙጫ ለማጣበቅ መሞከር ዋጋ የለውም። ቀዩ ቱቦ የሚሠራበት ፕላስቲክ ሙጫ አይቀበልም፤ ተጣብቆ ቢመስልም በመጀመሪያው ግፊት ይላቀቃል።

የቀዩ ቱቦ ነፃ ጫፍ በጣሳው መጫኛ ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ይገባል። እስኪነካ ድረስ ይግፉት። ረዥም ቱቦ ክብደት ስላለው ሲሠሩ ወደ ጎን ይጎትተዋል፤ ስለዚህ ቱቦውን ከጣሳው አንገት ጋር በናስትሮ ማሰር ያስፈልጋል። ይህን የዘለለ ሰው ፈሳሹን ፊቱ ላይ ያገኘዋል።

ቅርጽ የሚይዝ ጀርባ

ልባሱ ብቻውን ልፍስፍስ ነው፤ ወደፈለጉበት አይሄድም። ባለ 1.5ቱን ሽቦ ልባሱ ሳይላጥ ከቱቦው ጎን ያስተኙና በየአምስት ሳንቲ ሜትሩ በናስትሮ ይጠቅልሉ። አሁን ቱቦው በእጅ እንዳጠፉት የሚቆይ ጀርባ አገኘ። የሽቦው ሁለት ጫፎች መዳባቸው እንዳይታይ በናስትሮ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይሸፍኑ። ይህን የምለው በጭንቀት ነው፤ ራቁቱን የቀረ መዳብ ኮፈን ሥር የባትሪውን ሁለት ምሰሶዎች ቢያገናኝ የሚፈጥረው ብልጭታ ስፕሬዩን ሊያቀጣጥል ይችላል።

ሲያጥፉ በአውራ ጣትዎ ዙሪያ ቀስ ብለው ያጥፉ። በአንድ ነጥብ ላይ ከተቀጨ ቀዳዳው ይዘጋል።

የጫፉ ነገር

ፈሳሽ በረጅም ቱቦ ሲሄድ ግፊቱ ይቀንሳል፤ በጉም ፈንታም ሰፋ ብሎ እየተንጠባጠበ ይወጣል። ለዚህ መፍትሔው ከሁለተኛው ቀይ ቱቦ አራት ሳንቲ ሜትር ቆርጦ በልባሱ መጨረሻ ላይ እንደ ላይኛው መጋጠሚያ ማስገባት ነው። የቀዩ ቱቦ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ፈሳሹን ሰብስቦ ይወረውረዋል።

ለሣጥን ላሜራ፣ ለምሳሌ በመኪና በሮች ሥር ላለው ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት፣ ወደ ፊት የሚረጭ ጫፍ ብዙም አይጠቅምም፤ ዝገቱ ያለው በግድግዳው ነውና። በዚህ ጊዜ የቀዩን ቁራጭ ጫፍ በሻማ አለስልሰው በፒንሳ በመጫን ይድፈኑት። መርፌ አግለው ከጫፉ አንድ ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ በሦስት አቅጣጫ ይብሱት። ፈሳሹ በዙሪያው ይረጫል፤ ቱቦውን እስከ መጨረሻው አስገብተው እየረጩ ቀስ ብለው ወደ ውጭ ሲስቡት ግድግዳው በሙሉ ይለበሳል። የሻማው ሥራ ማለቅ ያለበት ቱቦው ከጣሳ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ነው፤ አንድ ጊዜ ስፕሬይ ያለፈበትን ቱቦ ወደ እሳት አያቅርቡ።

የትኛው ፈሳሽ

ይህ ልባስ ዝገት ለሚያላቅቁ ዘይት ነክ ስፕሬዮችና ለሲሊኮን ይሆናል። ለካርቡሬተር ማጽጃ ግን አይሆንም። አንድ ጊዜ ሞክሬው ልባሱ አብጦና እንደ ማስቲካ ላልቶ መጋጠሚያው ላይ ተፈትቶ በረረ፤ መነጽር ባላደርግ ዓይኔን ያገኘው ነበር። ማጽጃው አሴቶንና ቶሉዊንን የመሳሰሉ ፕላስቲክ የሚያሟሙ ነገሮች አሉበት። የፍሬን ማጽጃም በዚሁ ይመደባል። ለእነዚህ የቴፍሎን ቱቦ ይፈልጉ። ባለ ሦስት ገጽታ ማተሚያ ማሽኖች (3D ፕሪንተር) ላይ የሚገጠመው፣ ውጭው 4 ውስጡ 2 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ልኩ የሚስማማ ነው። ቴፍሎን ስለማይለጠጥ ቀዩ ቱቦ ዙሪያ አንድ ሁለት ዙር ስስ የቧንቧ ቴፕ ጠቅልሎ ማስገባት ይጠይቃል።

ደብሊው ዲ 40 (WD-40) ስለሚባለው ስፕሬይም አንድ ነገር ልበል። ይህ ፈሳሽ እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ ሲሠራ ዓላማው እርጥበትን ከብረት ማራቅና ዝገትን መከላከል ነበር፤ ስሙም «ውሃ ማስወገጃ፣ 40ኛው ሙከራ» ከሚለው የመጣ ነው። የዛገ ምላስ ያላቅቃል፤ ለረጅም ጊዜ ግን አያለሰልስም። መቆለፊያው ከተፈታ በኋላ በዚያው ቱቦ ነጭ ግሪስ የያዘ ስፕሬይ ካልተጨመረበት በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ ይደርቃል። ኩባንያው ራሱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚታጠፍ የብረት ቱቦ ያለው ጣሳ ይሸጣል፤ ያገኘ ሰው ቢገዛው ጥሩ ነው። ጥልቅ ቦታ ለመድረስ ግን ርዝመቱ አይበቃም።

ሲጠቀሙ

መጀመሪያ በካርቶን ላይ ይሞክሩ፤ መጋጠሚያዎቹ ማላብ አለማላባቸውን በጣትዎ ዳስሰው ይወቁ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የባትሪው አሉታዊ ገመድ ይፈታ፤ በአካባቢው ሲጋራ፣ የከሰል ማንደጃም ሆነ የዕጣን ማጨሻ አይኑር። በብዙ ጣሳዎች ውስጥ ፈሳሹን የሚገፋው ቡቴንና ፕሮፔን፣ ማለትም ምግብ የምናበስልበት ጋዝ ነው። ጣሳውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ ሲገለበጥ ጋዙ ብቻ ወጥቶ ያልቅና ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ጋዙ ደከመ ብለው ጣሳውን በሙቅ ውሃ አያሙቁ፤ ከ50 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ በላዩ ላይ የተጻፈው በምክንያት ነው።

አንድ ሰከንድ ይጫኑ፣ ያቁሙ፣ ይጠብቁ። በግማሽ ሜትር ቱቦ ውስጥ ከአንድ ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ስለሚቀር እጅዎን ካነሱ በኋላም መንጠባጠቡ ይቀጥላል። በፍሬን አጠገብ ከሆነ ይህ ዋዛ አይደለም፤ በፍሬን ሸራ ላይ ያረፈ ዘይት መኪናው እንዳይቆም ያደርጋል። ቱቦውን ሲያወጡ ጫፉን በጨርቅ ጨምድደው ያውጡ።

ከማቀዝቀዣና ከቁም ሣጥን ጀርባ ላለ በረሮ ፍሊት ለመርጨትም ይህ ቱቦ ይመቻል። ማቀዝቀዣውን መጀመሪያ ከሶኬት ይንቀሉ፤ ሞተሩ ሲነሳ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። ከረጩ በኋላ መስኮት ከፍተው ሽታው እስኪለቅ ይጠብቁ። ለፍሊት የዋለ ቱቦ ለሌላ ሥራ አይመለስ፤ እኔ የፍሊቱን በቀይ ናስትሮ፣ የዘይቱን በጥቁር እጠቀልላለሁ፤ ሁለቱንም ልጆች በማይደርሱበት ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርጌ እሰቅላቸዋለሁ። ዘይቱ ልባሱን የሚያለሰልሰውን ነገር ቀስ በቀስ ስለሚያወጣው ከወራት በኋላ ይደርቃል። ሲያጥፉት ነጣ ያለ መስመር ካወጣ ይጣሉት፤ ሌላ ግማሽ ሜትር ሽቦ ይላጡ።