ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ የኋላ ታሪክ፦ ለምናባዊ የሚና ጨዋታ ገጸ ባህሪ አዘገጃጀት

ለገጸ ባህሪዎ የሚጽፉትን የኋላ ታሪክ ከልቡ የሚያነበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የጨዋታው መሪ፣ ማለትም ዓለሙንና በውስጡ ያሉትን ሌሎች ሰዎች የሚያንቀሳቅሰው ሰው። ሌሎቹ ተጫዋቾች የሚያውቁት እርስዎ ጠረጴዛው ላይ የተናገሩትንና ያደረጉትን ያህል ነው። ስለዚህ ጽሑፉ የሚመዘነው በውበቱ ሳይሆን፣ መሪው ለሚቀጥለው ጨዋታ ሲዘጋጅ ከእሱ ምን መዝዞ ሊጠቀም ይችላል በሚለው ነው። አምስት ገጽ ሙሉ ጀብዱ ተጽፎ አንድም የሚመዘዝ ነገር ላይኖረው ይችላል፤ ጠላት ሞቷል፣ ደም ተመልሷል፣ ምስጢሩ ወጥቷል። ያለቀ ታሪክ ለመሪው ምንም አይተውለትም።

ልኩ አንድ ገጽ ነው፤ ግማሽ ገጽ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። መሪው የአራትና የአምስት ሰው ወረቀት በአንዴ ማስታወስ አለበትና፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ የተደበቀ ጥሩ ሐሳብ እንዳልተጻፈ ይቁጠሩት።

ከመጻፍ በፊት

መጀመሪያ መሪውን ይጠይቁ፦ ጨዋታው የሚጀምረው የት ነው? ገጸ ባህሪዎቹ ከስንተኛ የኃይል ደረጃ ይነሣሉ? አስማት በዚያ ዓለም የተለመደ ነው ወይስ የሚያስቀጣ? ስንት ጊዜ ለመጫወት ታስቧል? የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትዘነጋለች፣ ግን ብዙ ትወስናለች። ሦስት አራት ጊዜ ተገናኝቶ ለሚያልቅ ጨዋታ አንድ ያልተቋጨ ጉዳይ ይበቃል፤ ዓመት ለሚዘልቅ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ያስፈልጋል።

ደረጃው ታሪኩን ይገድበዋል። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በተባለው የሚና ጨዋታ 5ኛ እትም ተራ የመንደር ሰው 4 የሕይወት ነጥብ አለው፤ ነጥቡ በተመታ ቁጥር ይቀንሳል፣ ሲያልቅ ሰውየው ይወድቃል። አንደኛ ደረጃ ላይ ያለ አስማተኛም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ 6 ነጥብ ላይ የጥንካሬው ጭማሪ ይደመርለታል፣ ከቀላሎቹ አስማቶች ውጪ ሁለት ከሠራ በኋላ ደግሞ እስኪያርፍ ባዶ እጁን ነው። ወረቀቱ ላይ ድራጎን የገደለ ጀግና በመጀመሪያው ጨዋታ ጎብሊን በሚባል ቢላ በያዘ ትንሽ ጭራቅ ሲወድቅ ታሪኩም አብሮ ይወድቃል። መፍትሔው ድራጎኑን ማውጣት አይደለም፤ ገጸ ባህሪውን ከመሃል ወደ ዳር ማውጣት ነው። ድራጎኑ ሲገደል ውኃ የሚያመላልስ ልጅ ነበር እንበል፤ ወይም ከጦሩ ሸሽቶ የተረፈ። ሁለቱም ከገዳዩ ይልቅ ብዙ የሚያጫውቱ ናቸው።

ዳራው ምን ይሰጣል?

ዳራ ገጸ ባህሪው ከጀብዱ በፊት የነበረው ሥራና ኑሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የ5ኛው እትም የተጫዋቾች መመሪያ 13 ዳራዎች አሉ። እያንዳንዱ ሁለት ክህሎት፣ አንዳንድ የሥራ መሣሪያ ወይም ቋንቋ፣ ጥቂት ዕቃና አንድ ልዩ ጥቅም ይሰጣል። በተጨማሪ ባለ 8 ገጽ ዳይስ የሚጣልበት የጠባይ ሠንጠረዥ፣ ባለ 6 ገጽ ዳይስ የሚጣልባቸው ደግሞ የእምነት፣ የቁርኝትና የድክመት ሠንጠረዦች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2024 እትም ዳራዎቹ 16 ሆነዋል፤ የመሠረታዊ ችሎታ ጭማሪውና የመጀመሪያው ልዩ ችሎታም ከዳራው ጋር መጥተዋል። ለምሳሌ የእጅ ባለሙያ ዳራ ጉልበትን፣ ቅልጥፍናን ወይም የአእምሮ ችሎታን ነው የሚጨምረው። ለካህን መደብ (መደብ ገጸ ባህሪው በጀብዱ የሚይዘው ሙያ ነው) ግን ዋናው ችሎታ ጥበብ ስለሆነ፣ የእጅ ባለሙያ የነበረ ካህን መጫወት የፈለገ ሰው ትንሽ ዋጋ ይከፍላል። መክፈሉ አይከፋም፤ ሳያውቁ መክፈሉ ነው የሚያናድደው።

ሐሳብ ከጠፋ ዳይሱን ይጣሉ። ሁለት የሚጣረሱ ውጤቶች ሲመጡ ደግመው ለመጣል አይቸኩሉ። «ቃሌን አላጥፍም» እና «ሲያስፈራኝ እሸሻለሁ» አንድ ሰው ላይ ሲገጥሙ፣ ሰውየው መቼ ቃሉን አጥፎ እንደሸሸ መጠየቅ ብቻ ይቀራል። ዳይስ ታሪክ ሲጽፍ እስከ ጥግ የሄደው እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ትራቨለር የተባለው የሚና ጨዋታ ነው፤ እዚያ ገጸ ባህሪው በአራት አራት ዓመት የሥራ ዘመን ሲያልፍ፣ ዳይሱ ካልቀናው ጨዋታው ሳይጀመር ሊሞት ይችል ነበር።

ለምን ተነሣ? ለምንስ አሁን?

ዳራው ሰውየው ምን ይሠራ እንደነበር ይነግረናል። የእርስዎ ሥራ ያንን ሥራ ለምን እንደተወ መወሰን ነው። ሥራ፣ ቤትና ጎረቤት ያለው ሰው በደህና ጊዜ ተነሥቶ ጭራቅ ወዳለበት ዋሻ አይገባም። የገፋው ነገር መኖር አለበት፤ ያ ነገር ደግሞ ቅርብ ይሁን፣ ቢበዛ የአንድ ዓመት። የሃያ ዓመት ቂም የያዘ ሰው እስከ ዛሬ ምን ሲጠብቅ ነበር የሚለው ጥያቄ ይከተለዋል።

ይህን ይመልከቱ፦ «ዶርን ወላጆቹን ኦርክ በሚባሉ ጭራቆች ተነጥቆ፣ በቀል ፍለጋ ዓለምን የሚዞር ብቸኛ ተዋጊ ነው።» መሪው በዚህ ምን ያደርጋል? ኦርክ ያመጣል፤ ዶርን ይገድለዋል፤ አለቀ። አሁን ደግሞ ይህን፦

«ዶርን ግንበኛ ነበር። ባለፈው ዓመት ከአራት ባልደረቦቹ ጋር ለአንድ መስፍን ከምድር ቤቱ የሚያወጣ ስውር በር ሠራ። ሥራው ባለቀ በሳምንቱ ሁለቱ የት እንደገቡ ጠፉ። ዶርን በዚያው ሌሊት ከተማውን ለቀቀ፤ ተለማማጁን፣ የእህቱን ልጅ ሊስን፣ ሳይነግረው ሄደ። የበሩ መክፈቻ የሆነችው የድንጋይ ቁራጭ ኪሱ ውስጥ ናት።»

ርዝመቱ ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም፤ መሪው ግን ከአሁኑ የሚፈራ ባለሥልጣን፣ የሚገባበት ቦታ፣ የሚሰረቅ ዕቃና የሚያፍሩት ዘመድ አግኝቷል። ስለ ቀሪዎቹ ሁለት ግንበኞች ምንም አልተባለም። ይህን ቀዳዳ እርስዎ አይድፈኑት። አንደኛው ለመስፍኑ ወሬ አቀባይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ይህን መወሰን የመሪው ፈንታ ነው፣ እርስዎም ሲደርስ ቢደነግጡ ይሻላል።

ከመጨረሻው ቅጂ በፊት እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ይፈትኑት፦ ይህ ቢወጣ መሪው የሚያጣው ነገር አለ? የተወለደበት ሌሊት ነጎድጓድ፣ የዓይኑ ቀለም፣ የአያቱ ስም አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያጎድሉ ይወጣሉ።

ሰዎቹን አይግደሏቸው

ወላጅ አልባ ገጸ ባህሪ የሚበዛው በስንፍና ብቻ አይደለም። ብዙ ተጫዋቾች መሪው እናታቸውን አሳግቶ እንዳያስጨንቃቸው አስቀድመው ይቀብሯታል። ፍርሃቱ እውነት ነው፣ መድኃኒቱ ግን ከበሽታው ይብሳል፤ የሚናፍቀውም የሚከፍለውም ሰው የሌለው ገጸ ባህሪ ከመጠጥ ቤቱ የሚያስነሣው አያገኝም። የሚሻለው መሪውን በግልጽ ማነጋገር ነው፦ «ሊስ አደጋ ላይ ቢወድቅ ችግር የለም፤ እህቴ ግን እንዳትነካ።» ደህና መሪ ይህን በደስታ ይቀበላል።

ሦስት ሰዎች ይበቃሉ፤ ሦስቱም በሕይወት ያሉ፣ ስምና አድራሻ ያላቸው ይሁኑ። አንዱ ገጸ ባህሪው የሚወደው፣ አንዱ እሱን የሚያሳድደው፣ አንዱ ደግሞ ባለውለታው። ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ይጻፉ፤ መስመሩም ሰውየው ምን እንደሚፈልግ ይናገር። «ማሬት፣ የወደብ አራጣ አበዳሪ፣ ለመሸሻ የሰጠችኝን 40 ወርቅ ትፈልጋለች» ማለት ከአንድ ገጽ የመልክ መግለጫ ይበልጣል።

አንድ ክር ደግሞ ከሌላ ተጫዋች ገጸ ባህሪ ጋር ይቋጠር። ከሁሉም ጋር አይደለም፤ ከአንዱ ጋር ብቻ። የቡድኑ ሌባ ስለዚያ ስውር በር ወሬ ሰምታ ዶርንን ያገኘችው ከሆነ፣ የመጀመሪያው ቀን «እናንተ እነማን ናችሁ?» በሚል ጭውውት አያልቅም።

ምስጢርና ድክመት

ምስጢር የሚጠቅመው ሊወጣ ሲችል ነው። እስከ መጨረሻው የሚደበቅ ምስጢር ለሌሎቹ ከሌለ አይለይም። የሚያሳብቅ ምልክት ይስጡት፤ የዶርን ድንጋይ ከኪሱ ስትወድቅ፣ ወይም የመስፍኑን ዓርማ ባየ ቁጥር ኮፍያውን ዝቅ ሲያደርግ አንዱ መጠየቁ አይቀርም። ሦስት አራት ጨዋታ አልፎ ማንም ካልጠየቀ እርስዎ ያፍርጡት።

ድክመት ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ዋጋውን ጓደኞቻቸው እንዲከፍሉ በማድረግ ነው። ከባልንጀሮቹ የሚሰርቅ ሌባ፣ ማንንም የማያምን ብቸኛ፣ እስረኛ ባየ ቁጥር ሰይፍ የሚመዝ ጨካኝ፦ እነዚህ ሌሎቹ እንዳይጫወቱ ያደርጋሉ። «ገጸ ባህሪዬ እንዲያ ስለሆነ ነው» ማለትም አያድንም፤ እንዲያ ያደረጉት እርስዎ ነዎት። ዶርን የሹም ትእዛዝ ሲሰማ ምላሱ ይተሳሰራል ቢባል፣ ችግሩን የሚሸከመው ራሱ ነው፤ ሌሎቹም እሱን ለመርዳት ጣልቃ የሚገቡበት ዕድል ያገኛሉ።

ወረቀቱን ከመጀመሪያው ጨዋታ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ለመሪው ይስጡ፤ አናቱ ላይ ሦስቱን ስሞች፣ ያልተቋጨውን ጉዳይና ክፍት የተዉትን ጥያቄ ያስቀምጡ። ጠረጴዛው ላይ ግን አያንብቡት። የመጀመሪያ ቀን የሚታየው ሰው በዓይኑ የሚያየው ብቻ ነው፦ የተሰነጣጠቁ እጆች፣ ግድግዳ እያንኳኳ የሚያዳምጥ ሰው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጫወቱ በኋላ ወረቀቱን እንደገና ይክፈቱት። ገና ያልተነገረና ጨዋታው ውስጥ ቦታ ያጣ ነገር ካለ፣ መሪውን አማክረው ይቀይሩት፤ ጠረጴዛው ላይ ያልተነገረ ነገር ገና አልሆነም።

ዶርን ቢሞት ወረቀቱን አይጣሉ። መስፍኑ፣ ማሬትና ስውሩ በር እዚያው ናቸው፤ አጎቱ የት እንደገባ የሚፈልገው ሊስ ደግሞ ለሚቀጥለው ገጸ ባህሪዎ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።