ከአንጎላችሁ ጋር ሳትጣሉ ክብደት ለመቀነስ

የአመጋገብ ምክር ፈልገው እኔ ጋ የሚመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ራሳቸውን ወቅሰው ወቅሰው ደክሟቸዋል። «ሆዴን አልችለውም» ይላሉ። በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ስለ ምግብ ሳናነሳ ስለ አንጎል እናወራለን። እናንተም ከዚያ ጀምሩ።

ከአንጎል ሥር ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽዬ ክፍል አለ። ረሃብና ጥጋብን በዋናነት የሚመራው እሱ ነው። ጨጓራ ባዶ ሲሆን ግሬሊን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ ያኔ ይርበናል። ስንበላ ደግሞ የተወጠረው ጨጓራ በነርቭ፣ አንጀት በሆርሞን አማካይነት «በቃ» ይላሉ። ሌፕቲን ግን ከእነዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1994 የተገኘ ሆርሞን ነው፤ ከስብ ሕዋሳት እየወጣ ምን ያህል ስብ እንዳለን ለአንጎል ይነግራል።

ስንከሳ ሌፕቲን ይወርዳል። አንጎል ችጋር የመጣ ይመስለዋል። ረሃቡን ያባብሰዋል፣ ሰውነት የሚያቃጥለውንም ካሎሪ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ክብደት የቀነሱ ሰዎች ሆርሞኖች ከዓመት በኋላም ወደ ቦታቸው አልተመለሱም። ይህን ያወቀ ሰው ራሱን «ሰነፍ» ብሎ አይሰድብም።

እንግዲህ ግባችሁን ትንሽ አድርጉት። አሁን ካላችሁ ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ለደም ግፊትና ለስኳር በቂ ጥቅም አለው። ብዙ በቀነሳችሁ ቁጥር አንጎልም ይበልጥ ይታገላችኋል።

ከምግብ ዝርዝር በፊት እንቅልፋችሁን አስተካክሉ። እዚህ ላይ ድርቅ እላለሁ። እንቅልፍ ያጣ ሰው በበነጋው ምግብ አብዝቶ ያምረዋል፣ በተለይ ጣፋጭና ቅባት። በዚያ ሁኔታ የወጣ ፕሮግራም አይዘልቅም።

በየማዕዱ ፕሮቲን ይኑር፤ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ የተመቻችሁ ይሁን። ቶሎ ያጠግባል፣ ቆይቶም ያዝ ያደርጋል። አትክልት ጨምሩበት። ቀስ ብላችሁ ብሉ፤ የጥጋብ መልእክት አንጎል እስኪደርስ ደቂቃዎች ይፈልጋል።

የታሸጉ የፋብሪካ ምግቦችን ቀንሱ። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ 20 ሰዎች ለሁለት ሳምንት እንዲህ ያለ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተቀነባበረ ምግብ ቀርቦላቸው የፈለጉትን ያህል በሉ። የቀረበው ስኳር፣ ስብና ፋይበር ተመጣጣኝ ነበር። ሆኖም በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በልተዋል። ቤት ካለ ደግሞ ዓይን የማያርፍበት ቦታ አስቀምጡት፤ ሲታይ ሳይርበንም ያስበላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ረሃቡን ካልቻላችሁት ሐኪም አማክሩ። እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ መድኃኒቶች የአንጀትን የጥጋብ ሆርሞን አስመስለው አንጎል ላይ ይሠራሉ። ሲቆሙ ረሃቡ ስለሚመለስ፣ ሳትጀምሩ በፊት ለስንት ጊዜ እንደምትወስዱት ጠይቁ። ስቴሮይድና አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም ምግብ ያስመኛሉ። የምትወስዱት ካለ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ለሐኪሙ ንገሩት።