«ፍራየር» የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ ስንመልስ

ስለ አውሮፓ የመካከለኛው ዘመን የሚተርክ ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ፍራየር» (friar) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ማለትም ከሕዝብ መካከል እየኖረ የሚሰብክ የካቶሊክ ማኅበር አባል የሚጠራበትን ስም፣ ማግኘቱ አይቀርም፤ አብዛኞቻችንም ብዙ ሳናወጣ ሳናወርድ «መነኩሴ» ብለን እናልፈዋለን። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ አደርግ ነበር። አንድ ቀን ግን «መነኩሴው ከገዳሙ ወጥቶ በከተማይቱ ገበያ ሲሰብክ ዋለ» የሚለውን ትርጉሜን ያነበበ ወዳጄ «ገዳሙን ለምን ተወው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰባኪው የተወው ነገር አልነበረም፤ ገበያው የዘወትር የሥራ ቦታው ነበር። አንባቢውን ያሳሳተው የእኔ የቃል ምርጫ ነው።

ስለዚህ ሥራው ከሥርወ ቃሉ ይጀመር። «ፍራየር» የመጣው «ወንድም» ማለት ከሆነው የላቲን «ፍራተር» ሲሆን፣ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል ነው። የጣሊያንኛው «ፍራ»፣ የስፓኝኛው «ፍራይ» እና የፖርቱጋልኛው «ፍሬይ» ከዚያው ግንድ የወጡ ናቸው። «መነኩሴ» ግን በግእዙ «መነኮስ» በኩል ከግሪክኛው «ሞናኮስ» የመጣ ሲሆን፣ የዚህም መሠረት «ብቻውን የሆነ» ማለት ነው። አንዱ ቃል ዝምድናን፣ ሌላው ብቸኝነትን ይዞ ተነሥቷል። ይሁን እንጂ በሥርወ ቃል ብቻ መፍረድ አይበቃም፤ በማኅበር የሚኖሩ መነኮሳትም እርስ በርሳቸው ወንድማማች ይባላሉና፣ የግእዝ መጻሕፍትም «አኀው» ይሏቸዋል።

ልዩነቱን የሚፈታው ታሪክ ነው። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በምዕራብ አውሮፓ ከተሞች እየሰፉ ሲሄዱ፣ ከሕዝቡ መካከል እየኖሩ የሚሰብኩና በምጽዋት የሚተዳደሩ ማኅበራት ተነሡ፤ ፍራየር የሚባሉት የእነዚህ ማኅበራት አባላት ናቸው። የአሲሲው ፍራንቸስኮስ ተከታዮች በ1209 ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 3ኛ የቃል ፈቃድ አገኙ፤ የዶሚኒክ ሰባክያን ማኅበር ደግሞ በ1216 ጸደቀ። ፍራንቸስኮስ ማኅበሩን የሰየመው «ታናናሽ ወንድሞች» ብሎ ነው። በ1221 የተዘጋጀው ሥርዓታቸው ማንም «አለቃ» ተብሎ እንዳይጠራ፣ ሁሉም ታናናሽ ወንድሞች እንዲባሉ ያዝዛል፤ ኃላፊያቸውንም «ሚኒስተር»፣ ማለትም አገልጋይ፣ ይለዋል። ይህንን ያነበበ ተርጓሚ «ወንድም» የሚለው ትርጉም ከቃሉ ተፍቆ እንዲጠፋ የሚፈቅድ አይመስለኝም፤ ለእነርሱ ስሙ ራሱ የኑሮ ሕግ ነበርና።

በጽሑፉ ውስጥ ያለው ሰው ከየትኛው ወገን መሆኑን ለመለየት በመጀመሪያ ማኅበሩን እንይ። ፍራንቸስካዊ፣ ዶሚኒካዊ፣ ቀርሜሎሳዊ ወይም የአውግስጢኖስ ማኅበር አባል ከሆነ ፍራየር ነው፤ የቤኔዲክቶስን ሥርዓት የሚከተል ከሆነ ግን መነኩሴ ማለቱ ትክክል ነው። የቤኔዲክቶስ መነኩሴ በአንድ ገዳም ጸንቶ ለመኖር ይሳላል፤ ፍራየር ግን የማኅበሩ ሰው ስለሆነ ዛሬ ከአንዱ ከተማ፣ ነገ ከሌላው ይላካል። በአማርኛ ጽሑፎች «መነኩሴው» እየተባለ የሚጠራው ማርቲን ሉተር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1505 ኤርፉርት ከተማ የገባበት ማኅበር ስሙ «የአውግስጢኖስ ባሕታውያን» ቢሆንም የፍራየሮች ማኅበር ነው፤ ሉተርም ከተማ ውስጥ እየኖረ በዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። የማኅበር ስምም እንደ ሥርወ ቃል ብቻውን ሊያሳስት ይችላል ማለት ነው።

ቀጥሎ የመኖሪያቸው ስም ይመጣል፤ በእኔ ግምት ትልቁ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። «ገዳም» በግእዝ መነሻው ዱር፣ ምድረ በዳ ነው። የፍራየሮች ቤት በላቲን የሚጠራበት «ኮንቬንቱስ» ግን መሰብሰብን፣ ጉባኤን ያመለክታል። ከከተማ መካከል ያለውን ቤት «ገዳም» ስንለው የአንባቢው ዐይነ ልቡና ወደ በረሃ ይሄዳል፤ «የወንድሞች ቤት» ወይም «የማኅበሩ ቤት» ብንለው ግን ቦታውም ኑሮውም በትክክል ይታያል።

በስም ላይ የሚቀጠለው ማዕረግም ጥንቃቄ ይሻል። በ1455 ያረፈው ዶሚኒካዊ ሠዓሊ ፍራ አንጀሊኮ «ፍራ» የተባለው በማዕረጉ ስለሆነ ሁለቱን አጣብቆ «ፍራንጀሊኮ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። በአንጻሩ «ፍራንቸስኮ» በ«ፍራ» ቢጀምርም ከወንድምነት ጋር አይገናኝም፤ ትርጉሙ «ፈረንሳዊ» ነው።

በመጨረሻም ሁሉም ፍራየር ቄስ አይደለም፤ «ወንድም» የሚል መጠሪያ ያለው ሁሉም ፍራየር አይደለም። ክህነት ሳይቀበሉ በማስተማር ወይም ሕሙማንን በመርዳት የሚያገለግሉ፣ «ብራዘር» የሚባሉ የሌሎች ማኅበራት አባላትም አሉ። ክህነት ያለው ፍራየር በአማርኛ ሲጠራ «አባ» መባሉ የተለመደ ነውና በንግግር ውስጥ ይቆይ፤ በትረካው ግን መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ «ፍራየር፣ ማለትም ከሕዝቡ መካከል እየኖረ የሚሰብክ የወንድሞች ማኅበር አባል» ብለን ከፈታነው በኋላ «ወንድም» እያልን መቀጠል እንችላለን። የእኔም ዓረፍተ ነገር እንዲህ ተቃና፦ «ወንድም ከማኅበሩ ቤት ወጥቶ እንደ ልማዱ በከተማይቱ ገበያ ሲሰብክ ዋለ።»