የአንዲት ሥርዓት አልባ ከተማ የጋራ መድበል እንዴት ይዘጋጃል?

ብዙ ደራሲዎች በአንዲት ምናባዊ ከተማ ውስጥ የሚፈጸሙ የየራሳቸውን አጫጭር ልብወለዶች ጽፈው በአንድ መድበል ሲያሳትሙ፣ የአንዱ ታሪክ ነፍሰ ገዳይ በሌላው ታሪክ ውስጥ እንደ ተራ መንገደኛ ሲያልፍ ይታያል። ከተማዋ ሕግ የማይገዛት፣ አስማትና ሞት በየጓዳው የሚሸመቱባት ስትሆን ይህ አሠራር ይበልጥ ያምርባታል፤ እንዲህ ያለችው ከተማ በአንድ ሰው ዓይን ብቻ ታይታ አታልቅምና። በአርታኢነትም በደራሲነትም ስለሠራሁበት ሥራው የት ላይ እንደሚከብድ በቅደም ተከተል አስረዳለሁ።

አስቀድሞ የመንገዱን ጀማሪዎች ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1978 በአንድ የሳይንስ ልብወለድ ጉባኤ ዋዜማ፣ ደራሲው ሮበርት አስፕሪን ከደራሲዎቹ ከሊን አቢና ከጎርደን ዲክሰን ጋር እራት ላይ ሲጨዋወት፣ ለእያንዳንዱ የፋንታሲ (አስማት ያለበት ምናባዊ ዓለም) ታሪክ አዲስ ዓለም ከመፍጠር ብዙ ደራሲዎች የሚጋሩት አንድ ከተማ ቢኖር ድካም ይቀንሳል የሚል ሐሳብ ተነሣ። በ1979 በአስፕሪን አርታኢነት «ቲቭስ ወርልድ» (የሌቦች ዓለም) የተሰኘው የመጀመሪያው መድበል ታተመ፤ በአንድ ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት ዳርቻ ያለችው የሌቦች ከተማ ሳንክቹዋሪ እስከ 1989 ድረስ የ12 መድበሎች መቼት ሆነች። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ደንቦች በአብዛኛው ከዚያ የመጡ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ከተማዋን መሥራት

ካርታውን በእርሳስ ይሳሉ። የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌሮች ገና ያልተወሰነውን ሁሉ የተወሰነ ስለሚያስመስሉ በዚህ ደረጃ አልመክራቸውም። ወደብ፣ ገበያ፣ መቃብር፣ አንድ መጠጥ ቤትና ማንም ያልገለጻቸው ሁለት ሦስት ባዶ ሰፈሮች ይበቃሉ፤ ባዶዎቹን ደራሲዎቹ ይሞሏቸዋል።

ቀጥሎ የሥልጣንን ነገር ይወስኑ። ሥርዓት አልባ ከተማ ገዢ የሌላት ከተማ አይደለችም፤ ይልቁንም ገዢ የበዛባት፣ በየመንደሩ የሚያስገብር ጉልበተኛ ያለባት ናት። ስለዚህ ንብረቱ የተሰረቀበት ሰው ለማን አቤት ይላል? ጠዋት መንገድ ላይ የተገኘውን ሬሳ ማን ያነሣዋል፣ የማንሻውንስ ማን ይከፍላል? ዳቦ ጋጋሪው ከዕለት ገቢው ለማን ያካፍላል? የሚሉትን ጥያቄዎች በአጭሩ ይመልሱ። ከሁሉም በላይ ግን አስማተኛ ለአስማቱ ምን እንደሚያጣ ይወሰን። የአስማት ዋጋ ካልተቆረጠ እያንዳንዱ ደራሲ የራሱን ገጸ ባሕርይ ካለፈው የበለጠ ኃያል ያደርገዋል፤ ከጥቂት ታሪኮች በኋላም አማልክት በየጉራንጉሩ ሲዋጉ ኪስ አውላቂው የሚቆምበት ቦታ ያጣል። የከተማዋ መግለጫ በጠቅላላው ከ10 ገጽ ባይበልጥ እመርጣለሁ፤ ከዚያ የረዘመውን ብዙዎቹ አንብበው አይጨርሱትም።

ደረጃ 2፦ ደራሲዎችን መጋበዝ

ከዝነኛ ይልቅ በቀኑ የሚያስረክብ ይጋብዙ።

ደረጃ 3፦ ገጸ ባሕርያትን መዋዋስ

መድበሉ የሚሠምረውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። አስፕሪን ለደራሲዎቹ የሰጠው ደንብ ቀላል ነበር፤ ማንም የሌላውን ገጸ ባሕርይ ሊጠቀምበት ይችላል፣ ነገር ግን ያለ ፈጣሪው ፈቃድ ሊገድለውም ሆነ ጠባዩን አርሞ ደግ ሰው ሊያደርገው አይችልም። የመግደሉ ክልከላ ለማንም ግልጽ ነው። ሁለተኛውን ግን ብዙ ደራሲዎች ቸል ይሉታል፤ በሕግ የለሽ ከተማ ውስጥ ግን ገጸ ባሕርይን ማለስለስ ከመግደል የማይተናነስ ጉዳት አለው።

በአንድ መድበል ያጋጠመኝን ላንሣ። አንዲት ደራሲ ያለ ክፍያ ጣቷን የማታነሣ ቁልፍ ሠሪ ፈጠረች። ሌላው ደራሲ ይህችን ሴት ተውሶ፣ በታሪኩ ማሳረጊያ ላይ ለአንድ ወላጅ አልባ ልጅ አዝና የእስር ቤቱን በር በነጻ እንድትከፍትለት አደረገ። ትዕይንቱ ልብ የሚነካ ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የፈጣሪዋ ታሪክ በሙሉ የቆመው በዚህች ሴት ጨካኝነት ላይ ነበር። ረቂቁን ስልክላት «በሩን ትክፈትለት፤ ግን ጫማውን ትቀበለው» የሚል መልስ ላከች። ተዋሹ ደራሲም ልጁን በባዶ እግሩ በብርዱ ድንጋይ ላይ አስኬደው፤ ትዕይንቱ ከቀድሞው ይልቅ ጠነከረ። ይህን ያነበበ ሦስተኛ ደራሲ ደግሞ በራሱ ታሪክ ውስጥ፣ ምንም ማብራሪያ ሳይሰጥ፣ በቁልፍ ሠሪዋ ሱቅ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ጥንድ የልጅ ጫማ አኖረ። አንድ ደራሲ ብቻውን ተቀምጦ ይህን ሊያደርገው አይችልም፤ የጋራ ዓለም የሚያስገኘው ትልቁ ነገርም ይኸው ነው።

ስለዚህ ደንቡን በጽሑፍ ያስፍሩ። ሞትን ብቻ ሳይሆን እጅ ወይም ዓይን ማጣትን፣ ጋብቻን፣ ምስጢር መጋለጥንና የጠባይ ለውጥን ሁሉ ፈቃድ የሚጠየቅባቸው ያድርጓቸው። ፈጣሪው በአንድ ሳምንት ውስጥ መልስ ካልሰጠ አርታኢው ይወስናል የሚል አንቀጽ ይጨምሩ፤ ያለዚያ ሥራው በዝምታ ይታገታል። ማንም ሳያስፈቅድ ሊገድላቸው የሚችላቸው ዘበኞች፣ አራጣ አበዳሪዎችና ቅጥረኞች ያሉበት ዝርዝርም ለሁሉም ቢታደል መልካም ነው። ጨለማ ፋንታሲ ሬሳ ይፈልጋል፤ ሬሳው ግን የሌላ ሰው ድካም ውጤት መሆን የለበትም።

ደረጃ 4 እና 5፦ የጊዜ ሠንጠረዥና ውል

በየትኛው ወር ማን የት እንደነበረ፣ ማን እንደቆሰለ፣ የትኛው ቤት እንደተቃጠለ የሚያሳይ ሠንጠረዥ በኤክሴል ወይም በወረቀት ይያዝ። ሁሉም ሰው ያንብበው፣ የሚጽፍበት ግን አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ሁሉም የሚያርመው ሰነድ ከሰነበተ በኋላ ማንም የማያምነው ሰነድ ይሆናል። የወደቡ መጋዘን በአንዱ ታሪክ በጥር ከተቃጠለ፣ በሌላው ታሪክ በየካቲት እህል እንዳይራገፍበት የሚጠብቀው ይህ ሰው ነው።

ውሉም ጽሑፉ ከመጀመሩ በፊት ይፈረም። ከተማዋ የማን ናት? ገጸ ባሕርዩ የፈጣሪው ሆኖ ይቆያል ወይ? ገቢው እንዴት ይከፋፈላል? ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም፤ ደራሲዋ ጃኔት ሞሪስ በሳንክቹዋሪ መድበሎች ያስተዋወቀችውን ቴምፐስ የተባለ ገጸ ባሕርይ በ1985 ራሱን በቻለ ልብወለድ ይዛው ወጥታለች። የእርስዎም ደራሲዎች አንድ ቀን ይህን ሊፈልጉ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የሚዳኛችሁ ወረቀት ሊኖር ይገባል።

ደረጃ 6፦ ማሰለፍና ማረም

ታሪኮቹን በመጡበት ቅደም ተከተል ወይም በደራሲ ዝና አያሰልፏቸው። ከተማዋን እንደ እንግዳ የሚያይ ገጸ ባሕርይ ያለበት ታሪክ ይቅደም፤ አንባቢውም አብሮት በበሩ ይገባል። መዋዋስ የበዛበት ታሪክ የተዋሳቸውን ገጸ ባሕርያት አንባቢው ካወቃቸው በኋላ ይምጣ።

በመጨረሻው እርማት ላይ የተፈጠሩ ስሞችን አጻጻፍ በተለይ ይፈትሹ። አንዱ ደራሲ የሰፈሩን ስም በ«ሠ» ሌላው በ«ሰ»፣ አንዱ በ«ሐ» ሌላው በ«ሀ» ስለሚጽፈው፣ አንድ ሰፈር ሁለት ሰፈር መስሎ ይታያል። የእያንዳንዱን ስም አጻጻፍ በሠንጠረዡ ላይ ወስነው፣ ረቂቆቹን በእያንዳንዱ ሞክሼ ፊደል በየተራ እየፈለጉ ያስተካክሉ። ቀድሞ ከተወሰነው ውጭ የሆነ አጻጻፍ ሲያገኙም ከማረምዎ በፊት ደራሲው አዲስ ሰፈር ፈጥሮ እንዳይሆን ይጠይቁት።