ባለ ሁለት ጎን መላጫ ሲያደማ፦ ምላጩን ከመስደብህ በፊት

ፀጉር ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ኮንዶሚኒየሞቹ መሃል። ከአንድ ሁለት ዓመት ወዲህ የፕላስቲኩን መላጫ ትተው ወደ አባቶቻችን መላጫ፣ ያ በእጀታው ተሽከርክሮ የሚጠብቀው፣ ምላጩ በሁለቱም ጎን የሚቆርጠው፣ የተመለሱ ደንበኞች በዝተውብኛል። ይገባኛል። ምላጩ ርካሽ ነው፣ መያዣው በደንብ ከተያዘ ለልጅ ይተርፋል። ግን ሰውየው ሳምንቱን ቤቱ ሲላጭ ይከርምና ቅዳሜ አንገቱ ቀልቶ እኔ ጋ ይመጣል። "ይሄ ምላጭ አይረባም፣ የተሻለ ጠቁመኝ" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የምላጩ አይደለም።

ፊትህን አርጥበህ፣ አረፋ ቀብተህ ነው የምትላጨው ብዬ ነው የምጽፈው። በደረቁ የሚላጭ ሰው ካለ ይሄን ማንበቡን ይተውና መጀመሪያ እሱን ያስተካክል።

ይነጫል

ምላጩ ከመቁረጥ ይልቅ ይጎትታል፣ ዓይንህ እንባ ያቀራል። ጢሙ ከሳምንት በላይ ከቆየ በቶንዶስ አሳጥረው። ምላጩ 4 ወይም 5 ጊዜ ከሠራ ጣለው፣ የብር ጌጥ አይደለም። አዲስ ሆኖም ከነጨ ደግሞ ቤትህ ያለውን ሰው ጠይቅ።

አንድ መምህር ደንበኛ አለኝ። ሰኞ አዲስ ምላጭ ይገጥማል፣ ረቡዕ ይነጨዋል። ሦስት ዓይነት ምላጭ ቀያየረ። በመጨረሻ መላጫውን ይዞልኝ መጣ፣ ፈትቼ ሳየው ስለቱ ላይ ጥቁር ነገር አለ። የእርሳስ ብናኝ ነው። ልጁ ማታ ማታ መላጫውን ፈትታ እርሳሷን ትቀርጽበታለች፣ ከዚያ አስተካክላ መልሳ ትገጥመዋለች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ከአባቷ የተሻለ ነው የምትገጥመው። በእኛ ቤት ምላጭ የሁሉም ነው፤ ስፌት ይፈታበታል፣ ጥፍር ይቆረጥበታል፣ የማዳበሪያ ክር ይበጠስበታል። እንጨት የነካ ስለት ግን ለፊት አይሆንም፣ አለቀ። የፊትህን ምላጭ ለብቻ አስቀምጥ፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ። ለወንድምህም ቢሆን አታውስ። ኤች አይ ቪም ሄፓታይተስ ቢም ደም በነካው ስለት ይተላለፋሉ፤ "እኛ እኮ አንድ ቤት ነን" የሚባለው ነገር እዚህ ላይ አይሠራም።

በአንዱ ጎን ይነክሳል፣ በሌላው አይቆርጥም

ይሄንን በየሳምንቱ ነው የማየው። በአንዱ ጎን ሰላም ነው። መላጫውን ገልብጠህ በሌላው ስትሞክር ይገሸልጥሃል። ወይም አንዱ ጎን አረፋውን ብቻ ጠርጎ ጢሙን እንዳለ ይተወዋል፣ ሰውየው "አልቆርጥ አለ" ብሎ ይጫነዋል፣ ሲጫነው ደሙ ይመጣል፣ ከዚያ ምላጩ ይሰደባል።

ምላጩ ጠሞ ተቀምጦ ነው። ምላጭ ስስ ነገር ነው፣ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሳይወዛወዝ የሚቆመው ክዳኑና መቀመጫው ከላይና ከታች ጨምቀው ጎበጥ ሲያደርጉት ብቻ ነው። መሃሉ ላይ ባለው ቀዳዳ የሚያልፈው የክዳኑ እንብርት ከቀዳዳው ቀጠን ካለ ምላጩ ቦታ አግኝቶ ይንሸራተታል። የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል ቢንሸራተት ይበቃል። በአንዱ ጎን ስለቱ ከሚገባው በላይ ይወጣል፣ በሌላው ክዳኑ ስር ይደበቃል።

እንዴት ታውቃለህ? ከጠበቀ በኋላ ክዳኑን ወደ ፊትህ አዙረህ ብርሃን ላይ ያዘው። በሁለቱም ጎን ከክዳኑ ስር ብልጭ የምትል ቀጭን መስመር ትታያለች። ግራና ቀኟ እኩል መሆን አለበት። አንድ ጫፍ ላይ ሰፍታ ሌላው ጫፍ ላይ ከጠበበችም ጠሟል። ይሄን በቀን ብርሃን አድርገው። መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ አየሁት ያለኝ ሰው አገጩ ላይ እስከ ዛሬ ምልክት አለው።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ክዳኑን ገልብጠህ ጠረጴዛ ላይ አስተኛው። ምላጩን ስለት በሌላቸው በሁለቱ አጫጭር ጫፎች ይዘህ አስቀምጠው፣ መቀመጫውን ከላይ ድረብበት። አጫጭር ጫፎቹን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጨምቀህ ይዘህ እጀታውን አዙር። ከጠበቀ በኋላ ሩብ ዙር አላላው፣ ጠረጴዛው ላይ ጫን አድርገው፣ እንደገና አጥብቀው። መስመሯን እያት። ካልሆነ ድገመው። የረጅሙን ጎን በጣትህ እንዳትነካ፤ ይሄን የምለው ለጌጥ አይደለም፣ እኔው ራሴ ሥራ ስጀምር ነክቼው ሁለት ቀን ደንበኛ መልሻለሁ።

አጥብቅ ያልኩት በእጅ ነው። በእጅ ብቻ! ሰፈራችን ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። መላጫቸው ሲያስቸግራቸው "አልጠበቀም ማለት ነው" ብለው እንደ ጎማ ቡሎን በፒንሳ አጠበቁት። የክዳኑ ብሎን እጀታው ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፊት ነው የሚላጨው፣ ኤን ትሬ መኪና አይደለም" ብላቸው ሳቁ፣ ግን አዲስ ገዙ። እነዚህ ርካሽ መላጫዎች ከዚንክ ቅይጥ ተቀልጠው፣ ክሮም ተቀብተው የሚሸጡ ናቸው። ሲታዩ ያብለጨልጫሉ፣ ብሎናቸው ግን እንደ ጠመኔ ነው። ክሮሙ አንዴ ከተላጠ ከስሩ ይበላል።

ደጋግመህ አስተካክለህም አንድ ጎን ብቻ የሚነክስ ከሆነ፣ ጥፋቱ የምላጩ ይሁን የመያዣው እንዲህ ለየው። ከእህትህ ወይ ከሚስትህ የጥፍር ቀለም ተበድረህ የክዳኑን አንድ ጎን ነጥብ አድርግበት። ተላጭና የሚነክሰው ባለ ነጥቡ ጎን መሆን አለመሆኑን ያዝ። ፍታው፣ ምላጩን ብቻ ግራውን ወደ ቀኝ አዙረህ መልስ። ንክሻው ከምላጩ ጋር ወደ ሌላው ጎን ከዞረ የምላጩ ስለት ተበላሽቷል። ንክሻው የነበረበት ጎን ላይ ከቀረ መያዣው ነው። ሁለት ጊዜ ሞክረው፣ አንድ ጊዜ ሊያታልልህ ይችላል።

መያዣው ከሆነ ምን ታደርጋለህ? ትመልሰዋለህ። አንዱ ወረቀት አጥፎ ከምላጩ ስር ወተፈ፣ ወረቀቱ ሲረጥብ ሟሟና ምላጩ ፊቱ ላይ ተንሸራተተ። ሌላው በብርጭቆ ወረቀት ሞረደው፣ በወሩ ዝጎ መጣ። አንድ ሰሞን አምስት ደንበኞቼ ከአንድ ሱቅ አንድ ዓይነት መላጫ ገዝተው መጡ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬ በአንድ ምላጭ ሞከርኳቸው። ሦስቱ ጠማማ ነበሩ። ሻጩ "ምላጭ ቀይሩ" ብሎ ነው የመለሳቸው፤ ምላጭም ሸጠላቸው።

ስለዚህ ስትገዛ አንድ ምላጭ ኪስህ ይዘህ ሂድ። መደበኛው ምላጭ ልኩ አንድ ነው፣ የማንም ምላጭ የማንም መላጫ ውስጥ ይገባል። እዚያው ግጠምና መስመሯን እይ። ብሎኑ ሳይንጫጫ ይዙር። ነጋዴው ፊቱን ያጠቁርብሃል፤ ያጥቁር። ለጀማሪ ባለ ሦስት ክፍሉን እመርጣለሁ፣ እጀታ፣ መቀመጫና ክዳን። መሃሉ እንደ በር የሚከፈተው ያምራል፣ ግን ማንጠልጠያዎቹ በሳሙና ይሞላሉ፣ ከላላ ደግሞ መስተካከያ የለውም። ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያወጣውን ለጊዜው ተወው፣ ጠርዙ ድፍን የሆነው ይሻልሃል። ከናስ የተሠራ ካገኘህ ክብደቱ ራሱ ይላጫል።

ክብደቱ ይላጫል ያልኩት ቁም ነገር ነው። በፕላስቲኩ የለመደ እጅ ይጫናል። ይሄኛው አይጫኑትም። ክዳኑን ጉንጭህ ላይ አሳርፍ፣ መቁረጥ እስኪጀምር እጀታውን ቀስ ብለህ ዝቅ አድርግ፣ ምላጩ ከቆዳህ ጋር 30 ዲግሪ ገደማ ሲሆን እዚያው ጠብቀው። ጊሌት ይሄን ዓይነት መላጫ መሸጥ በጀመረበት እ.ኤ.አ. በ1903 ዓመቱን ሙሉ የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በዓመት 51 ሰው! የኔ ሰፈር ልጆች በሁለተኛው ቀን "እምቢ አለኝ" ሲሉ ይሄን እነግራቸዋለሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ አንገት ላይ እብጠት

የእኛ ፀጉር ጥቅልል ነው። ተቆርጦ ጫፉ የሾለው ፀጉር ተጠምዝዞ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ቆዳው ይቆጣል። አጥብቀህ በላጨኸው ቁጥር ይብሳል። ሰው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ሽፍ ሲልበት ስለታም ምላጭ ይገዛል፣ ከታች ወደ ላይ ሦስቴ ይሄድበታል፣ ቆዳውን ወጥሮ ይላጫል።

አንድ ጊዜ ብቻ ሂድ፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ። ቆዳውን አትወጥር። ትንሽ ሻካራ ቢቀር ይቅር፣ ሙሽራ አይደለህም። ጢም አንገት ላይ ወደ ጎን የሚተኛበት ሰው ብዙ ነው፣ በመዳፍህ ዳስሰህ አጥና። የወጣውን እብጠት በመርፌ አትጎርጉር። አልኮል አትድፋበት፣ ማቃጠሉ ማዳኑ አይደለም። ይሄን ሁሉ አድርገህ ካልተወህ ምላጭ ያንተ አይደለም፣ በቶንዶስ ዝቅ አድርገህ ኑር። መግል ከያዘ ወደ ቆዳ ሐኪም፣ ወደ እኔ አይደለም።

የምላጭ ምርጫ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፌዘር የጃፓን ነው፣ በስለቱ የታወቀ ነው፣ ለጀማሪ እጅ አልሰጥም። አስትራ መሃል ላይ ነው። ደርቢ የቱርክ ነው፣ ለስለስ ይላል፣ ጢሙ ጠንካራ የሆነውን ግን ሊነጨው ይችላል። ለአንዱ ማር የሆነው ለሌላው እሬት ነው፣ ስለዚህ ከየዓይነቱ አንዳንድ ፓኬት ግዛ እንጂ 100 የሚይዘውን ካርቶን አትሸከም። መላጫና ምላጭ በአንድ ቀን አትቀይር፣ የቱ እንደጠቀመህ አታውቅም። ማሸጊያው የደበዘዘ፣ የውስጡ ወረቀት ዘይት የነካ ወይም ዝገት ያለው ከሆነ በነጻም አትቀበል።

ሌላ ሌላው

አረፋው ቶሎ ከደረቀ ውሃው ነው። እዚህ እኛ ጋ ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፣ የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ደግሞ ሳሙና አያረፋም። የዝናብ ውሃ ካጠራቀምክ ለዚህ ተጠቀምበት። የልብስ ሳሙና ለፊት አይሆንም።

ምላጩ ከዛገ ተላጭተህ ውሃ ውስጥ ትተኸዋል። አጥበህ አራግፈው፣ በፎጣ ግን አትጥረገው። ስለቱንም ፎጣውንም ታበላሻለህ።

ጆሮህ ስር ከቆረጠህ ከክዳኑ ጎን ብቅ የሚለው የምላጩ ጫፍ ነው። ሪዝህ ጋ ስትደርስ ቀስ በል።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ምላጭ ካስያዝክ በእጅ ሻንጣው እንዳይዝ ንገረው፣ ይወሰድበታል።

ያለቀውን ምላጭ ፌስታል ውስጥ አትጣል። ቆሻሻ የሚሰበስቡት እናቶች እጃቸውን ይቆረጣሉ፤ የእኛ ብሎክ ላይ አንዷ ተቆርጠው አይቻለሁ። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ሳትከፍተው በጎኑ በቢላ ቀዳዳ አድርግበትና ድልሁን አውጥተህ እጠበው፣ በቀዳዳው እየከተትክ አጠራቅም። ሲሞላ ቀዳዳውን በመዶሻ ደፍጥጠው።