በኤሪትሮማይሲን ስትሞክሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ላይ ለመመረቂያ ጥናታችሁ ከቁስል የተወሰደ ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ የምትመረምሩ ተማሪዎች፣ መድኃኒት ከተነከሩት ትንንሽ የወረቀት ዲስኮቻችሁ መካከል ፀረ-ባክቴሪያው ኤሪትሮማይሲን አይጠፋም። ማክሮላይድ ከሚባሉት የፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶች ሁሉ የታወቀው እርሱ ነው፤ ከመታወቁም የተነሣ ይናቃል።

ከስህተቶቹ የከፋው ኤሪትሮማይሲንንና ክሊንዳማይሲን የተባለውን ሌላ ፀረ-ባክቴሪያ ባክቴሪያው በሚያድግበት አንድ ሳህን ላይ አራርቆ ማስቀመጥ ነው። አንዳንዱ ስታፊሎኮከስ ኤርም የተባለ ጂን ይይዛል፤ ጂኑ ግን ኤሪትሮማይሲን እስኪቀሰቅሰው ድረስ ያንቀላፋል። ሲነቃ መድኃኒቱ በሪቦዞሙ (የባክቴሪያው ፕሮቲን መሥሪያ) ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ይለውጣል። ክሊንዳማይሲንም የሚያርፈው እዚያው አካባቢ ነው። ዲስኮቹ ከተራራቁ ጂኑን የሚቀሰቅስ ስለሌለ ክሊንዳማይሲን የሚሠራ ይመስላል፤ በሽተኛው ላይ ግን ሊከሽፍ ይችላል። ስለዚህ 15 ማይክሮግራም የኤሪትሮማይሲንና 2 ማይክሮግራም የክሊንዳማይሲን ዲስክ ከ15 እስከ 26 ሚሊሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ይቀመጡ፤ በማስመሪያ እንጂ በዓይን ግምት አይሁን። በክሊንዳማይሲን ዙሪያ ያለው ባክቴሪያ ያላደገበት ክብ በኤሪትሮማይሲን በኩል ጠፍጥፎ የላቲኑን ‘ዲ’ ፊደል ከመሰለ፣ ባክቴሪያው ክሊንዳማይሲንን ተላምዷል ብላችሁ መዝግቡ።

ሁለተኛው ከሻማ ጋር የተያያዘ ነው። ስትሬፕቶኮከስ ለተባለው ሌላ ባክቴሪያ ሻማ በርቶበት የተከደነ ማሰሮ መጠቀም የቆየ ዘዴ ነው። ቦታ ጠበበ ብሎ የስታፊሎኮከስን ሳህን አብሮ መክተት ግን ውጤት ያበላሻል። የሚፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አጋሩን (በሳህኑ ላይ የረጋውን የባክቴሪያ ምግብ) ያኮመጥጠዋል፤ ማክሮላይድ ደግሞ በአሲድ ውስጥ ወደ ባክቴሪያው ለመግባት ይቸገራል። ክቡ ይጠባል፤ ጤነኛው መድኃኒት የተሸነፈ ይመስላል። የአጋሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.4 መሆኑን ከረጋ በኋላ ለኩ።

የኤሪትሮማይሲን ዱቄትን በውኃ ለመበጥበጥም አትድከሙ፤ በደንብ አይሟሟም። በኢታኖል አሟሟችሁ በትንንሹ ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙት፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሙሉው ጠርሙስ እንዳይቀልጥባችሁ። ኢታኖል ብቻ የተጨመረበት ማነጻጸሪያም አይረሳ።

ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ በኤሪትሮማይሲን አልተበገረም ብሎ ‘ተላምዷል’ ማለት ደግሞ ትዝብት ላይ ይጥላል። የውጭ ሽፋኑና መድኃኒት ገፍተው የሚያስወጡት ፓምፖቹ ከተፈጥሮው የመጡ ናቸው። የኤርም ጂንን ለመለያነት (አዲስ ጂን የገባበትን ባክቴሪያ በመድኃኒት ለመለየት) የምትጠቀሙም ብትሆኑ ባሲለስ ለተባለው ባክቴሪያ በሚሊሊትር ጥቂት ማይክሮግራም የሚበቃው መድኃኒት ለኢ. ኮላይ በመቶዎች እንደሚቆጠር አስቡ።

በመጨረሻ፣ ባክቴሪያና መድኃኒት አብረው የተጨመሩበት ቱቦ ጠራ ማለት ባክቴሪያው ሞተ ማለት አይደለም። ማክሮላይድ ፕሮቲን መሥራትን ያግዳል፤ ብዙውን ጊዜም ዕድገትን ከማቆም አያልፍም። ‘ገደለ’ ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ከቱቦው ቀድታችሁ መድኃኒት በሌለበት አጋር ላይ ዝሩና በማግስቱ ቁጠሩ።