አዲስ ሚሲዮናውያን የሚደጋግሟቸው ስህተቶች (አንዳንዶቹ የእኔ ናቸው)

ሊላክ አንድ ወር የቀረው ወጣት በቅርቡ ሻንጣውን አሳየኝ። ግማሹ መጽሐፍ ነው። የሆድ መድኃኒት የለም። "ልብስ በእጅህ ማጠብ ትችላለህ?" ስለው ሳቀ። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም። ስድስት ዓመት በሰው አገር አገልግያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ አዳዲሶችን እያዘጋጀሁ ነው። ስለ እምነቱ የደረሰበት ስደት አማርሮት የተመለሰ ወጣት እስካሁን አልገጠመኝም። የሚመልሳቸው ያልታጠበ ሳህን ነው፤ እንቅልፍ ማጣት ነው፤ ገንዘብ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቋንቋ።

ቋንቋውን ሳይማሩ መስበክ

በዚህ ልጀምር፤ በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነውና። "ጊዜው አጭር ነው፣ ነፍሳት እየጠፉ ነው፣ ደግሞም አስተርጓሚ አለን" ይሉኛል። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት አንድ መንደር ሄጄ በአስተርጓሚ አርባ ደቂቃ ሰበክሁ። መጨረሻ ላይ "ጌታን መቀበል የምትፈልጉ እጃችሁን አንሡ" አልኩ። ሁሉም አነሡ። ሽማግሌው፣ እናቶቹ፣ ከኋላ የቆሙት ሕፃናት ሳይቀሩ! አለቀስኩ። በዚያው ሌሊት ለላከችኝ ቤተ ክርስቲያን "31 ሰዎች ጌታን ተቀበሉ" ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤው በእልልታ ተነበበ።

ከዓመት በኋላ በቋንቋው አፌን ስፈታ፣ ከሽማግሌው ጋር ቁጭ ብለን ያንን ቀን አነሳሁባቸው። "ልጄ" አሉኝ ረጋ ብለው፣ "'ጌታውን የምትቀበሉ' ነው የተባልነው። ጌታው አንተ መስለኸን ነው። እኛ ደግሞ እንግዳ እንቀበላለን።"

አስተርጓሚው አላታለለኝም። እኔ ያልኩትን ነው ቃል በቃል ያለው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስላደግን ትርጉሙ የሚገባን አባባል ሌላ ሰው ጆሮ ውስጥ ምን ሆኖ እንደሚገባ ለማወቅ ቋንቋውን መቻል ያስፈልጋል። ደብዳቤዬን ለማረም ሌላ ስምንት ወር ፈጀብኝ። ቋንቋ ሳይሆን ድፍረት ነበር የጎደለኝ።

እንግሊዛዊው ሚሲዮናዊ ዊሊያም ኬሪ እ.ኤ.አ. በ1793 ሕንድ ገብቶ የመጀመሪያውን ሕንዳዊ አማኝ ያጠመቀው በ1800 ነው። አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ አዶኒራም ጀድሰን በ1813 በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) ደረሰ፤ የመጀመሪያው በርማዊ የተጠመቀው በ1819 ነው። ሰባት ዓመት፣ ስድስት ዓመት። ዛሬ ቢሆን የሩብ ዓመት ሪፖርታቸውን ያየ ደጋፊ ገንዘቡን ያቆም ነበር። ጀድሰን በርምኛ የተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ሥራችሁ ቋንቋ ነው። በየቀኑ ሦስት ዓረፍተ ነገር ያዙና ለአሥር ሰው ተናገሩት። ከአዋቂ ይልቅ ሕፃን ፈልጉ። አዋቂ በትሕትና "ጎበዝ" ይላችኋል፤ ሕፃን ግን ስቆባችሁ ያርማችኋል። ላኪዎቻችሁ ቁጥር ሲጠይቋችሁ "በዚህ ወር ሃምሳ ግሥ አጥንቻለሁ፤ ያመነ ሰው የለም" ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢደርሰኝ በደስታ እጸልይበት ነበር።

ልብስ ቀድሞ ቋንቋ ሲከተል

በቻይና ያገለገለው እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ ሃድሰን ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1855 ፀጉሩን ተላጭቶ የቻይናዎችን ልብስ ስለለበሰ አውሮፓውያኑ ተሳለቁበት። ወጣቶቻችን ይህን ታሪክ ይወዱታል። የአገሩን ባህላዊ ልብስ ገዝተው ፎቶ ይነሡበታል። ቴይለር ግን ያን ልብስ ሲለብስ ቻይንኛ ማጥናት ከጀመረ ቆይቷል።

ፎቶ

ከፎቶ ጋር ከተነሣን፣ የአማኞችን ፊት ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። በአንዳንድ አገር አንድ ፎቶ ሰውን ከሥራው ወይም ከቤተሰቡ ያስባርረዋል። እናንተ ቪዛችሁ ቢሰረዝ አገራችሁ ትገባላችሁ። እሱ የት ይግባ?

በስልክ አገር ቤት መኖር

አንዲት ጎበዝ ልጅ በእኔ ኃላፊነት ሥር ነበረች። ስድስት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ ክፍሏን ዘግታ የአገር ቤቱን አምልኮ በቀጥታ ስርጭት ትከታተል ነበር። የሰፈሩ ጉባኤ ከመስኮቷ ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ይዘምራል። "እነሱ ሲዘምሩ አይገባኝም" አለችኝ። ታዲያ መቼ ይግባት? እናታችሁን ደውሉላት፤ ይህን ማንም አይከለክላችሁም። የጓደኞቻችሁን ግሩፕ ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ክፈቱት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ናፍቆት ስልክ በነካችሁ ቁጥር ይብሳል እንጂ አይቀልም።

ብቻ ወስኖ ገንዘብ መስጠት

ለአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ከፈልኩለት። በማግሥቱ ሰባት እናቶች በሬ ላይ ነበሩ። ያ እንኳ ቀላሉ ነው። ለካ የአጥቢያው መጋቢ ያንን ቤተሰብ ለወራት ሲረዳ ቆይቶ፣ አባትየው ሥራ እንዲጀምር እየመከረው ነበር። የእኔ ገንዘብ የእሱን ምክር በአንድ ቀን ዋጋ አሳጣው። መጋቢው ምንም አላለኝም። ሰላምታው ግን ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ነበር፤ መብቱም ነው። መስጠት ከፈለጋችሁ ከአጥቢያው ሽማግሌዎች ጋር ተማክራችሁ፣ ቢቻል በእነሱ እጅ ስጡ። "እናያለን" የምትለዋንም ቃል ተዉአት። እናንተ "አይሆንም" ማለት አፍራችሁ የምትሏት ቃል ለችግረኛው "እሺ" ናት።

ምግብ

"ያቀረቡላችሁን ብሉ" ይላል ሉቃስ 10፥8። የሆድ መድኃኒት ያልኩት ለዚህ ነው።

ድካምን በጾም መሸፈን

ኤልያስ ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልሰበከለትም። "ተነሥተህ ብላ" አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። እኛ ግን የደከመውን ልጅ "በርታ፣ ጹም" እንለዋለን። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ፣ ወይም ያለ ምክንያት ካለቀሳችሁ፣ ለቡድን መሪያችሁም ለሐኪምም ንገሩ። የእምነት ጉድለት አይደለም። የኬሪን የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞች ስንቆጥር፣ ሚስቱ ዶሮቲ ልጃቸው ከሞተ በኋላ አእምሮዋ ታውኮ እስክትሞት እንደ ኖረች አንናገርም። መናገር አለብን።

ሳህን

ጳውሎስና በርናባስ የተለያዩት በማርቆስ ምክንያት ነው። እኔና የክፍል ጓደኛዬ ልንለያይ የነበረው በድስት ነው። ማን እንደሚያጥብ በመጀመሪያው ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

"ተመልሼ እመጣለሁ" ማለት

ስንሰናበት ሁላችንም እንለዋለን። ለማጽናናት ነው፣ ክፋት የለውም ብዬ አስብ ነበር። ሳህን ማጠብ ያስተማረኝ የጎረቤት ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጦ "መቼ?" አለኝ። "በቅርቡ" አልኩት። "የትኛው ወር?" አለኝ። ወሮቹን ያኔ ነበር በትምህርት ቤት የተማራቸው። በተርታ ጠራልኝና የትኛው ላይ ማቆም እንዳለበት እንድነግረው ቀና ብሎ አየኝ።